ከመቃብር የወረደ ስንኝ

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድንጋይ ጠራቢው ለደረበ
ጎንደር

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብሎ አስተማሪዬ ነግሮኛል። ስለዚህ እንደምን ከርመሃል። ይህን ያልሁት ለአስተማሪዬ ብዬ ነው፤ ለአንተ አይደለም። አንቱ ያላልሁህም ወግ የማላውቅ ሆኜ አይምሰልህ። አንቱታ ለማን እንደሚሰጥ ፊደል ሳልቆጥርም አውቅ ነበር።

ስሜ ሀብትነሽ ነው። የአንዱዓለም ፈንቴ እናት ነኝ። የመተማውን ድንጋይ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በምሥራቁ አጥር በኩል የቆመው ነጭ ድንጋይ የእጅህ ሥራ ነው። ከግርጌው «ደረበ፣ ጎንደር» ብለህ ስምህን ቀርጸህበታል። ያገኘሁህም በዚያ ነው። ስልክ ደውዪለት ያሉኝ ነበሩ። ኔትወርኩ አንድ ቀን ኖሮ አንድ ሳምንት ይጠፋል፤ ቢኖርም አልደውልም። አንተ በጽሑፍ በድለኸኛል፣ እኔም በጽሑፍ እመጣብሃለሁ።

ልጄ የትራክተር ሾፌር ነበር። ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የሚሠራበት የሰሊጥ እርሻ ጌታ፣ አለምሰገድ፣ ለአርባው ያን ድንጋይ አቆመለት። አገሩ ሁሉ «ምን ያለ ደግ ሰው ነው!» አለ። እኔም ጉልበቱን ስሜ መረቅሁት። ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም፤ ምን እንደተጻፈበት ጎረቤቴን አሰበችን ጠየቅኋት። «አንዱዓለም ፈንቴ፣ የእናቱ ምርኩዝ፣ የጓደኞቹ መከታ፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልን ይላል» አለችኝ። እሱን በቃሌ ያዝሁ። መቃብሩ ጋ በሄድሁ ቁጥር ጽሑፉን በጣቴ እየዳሰስሁ «የእናቱ ምርኩዝ» እያልሁ ስደግመው ኖርሁ። ምርኩዝ የሚለው ይኸ ነው ብዬ የዳሰስሁት ፊደል የትኛው እንደነበር አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በኋላ ይህን ነገር በራሴ ዓይን ላንብበው ብዬ ከጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። የሸመገለች ሴት ከልጆቿ እኩዮች ጋር ተቀምጣ «ሀ ሁ» ስትል ከኋላ የሚስቁ ነበሩ። እንዲስቁ ተውኋቸው።

ባለፈው ጥቅምት ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ ከፊቴ ቆመ። ከኋላው በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። አንድ ባንድ እየለቀምሁ አነበብሁት፦

ቀስ ብሎ ቢነዳ በደረሰ ነበር፤
የቸኮለ ቀድሞ ገባ ከመቃብር።

ገባኝ። ያለ ሰው እርዳታ አንብቤ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ሳቅሁ። ዘንቢሌን እንደያዝሁ መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ሾፌሩ ሳሊም የሚሉት የሰፈራችን ልጅ ነው። «ጎሽ፣ ደግ አባባል ነው የጻፍኸው» አልሁት።

«የኔ አይደለም እማማ፣ የመተማ ጥቅስ ነው» አለኝ። «የማይለጥፈው የለም።»

በማግሥቱ የልጄ መታሰቢያ ነበር። ድንጋዩ ፊት ቆምሁ። ስሙን አነበብሁ። አንዱዓለም ይላል፣ ፈንቴ ይላል። ከሥሩ «የእናቱ» የሚለውን ፈለግሁ። «ቀስ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ከትናንት ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ።

በልጄ እንድስቅ አደረግኸኝ። የሸመገለች ሴት ልፋት ሁሉ መድረሻው ይህ ሆነ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ሲቸኩል አይተኸዋል?

ሀብትነሽ ነኝ።


ጎንደር
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ሀብትነሽ
መተማ ዮሐንስ

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤዎ ዘግይቶ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ደረሰኝ። እንደምን አሉ ብዬ ልጠይቅዎ አፈርሁ። ነፍሱን እግዚአብሔር በገነት ያኑርልዎ።

አላየሁትም። እውነቱ ይህ ነው። የእርሻው ባለቤት ከሥራ ቦታዬ መጥቶ፣ «በፍጥነት ሲነዳ የሞተብኝ ሠራተኛ አለ። ድንጋይ ላቆምለት ነው፤ ለቀሩት ሾፌሮች ማስተማሪያ የሚሆን አንድ አባባል አብጅለት» አለኝ። አበጀሁ። ሟቹ እናት አለው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

ራሴን ለማዳን አይምሰልብኝ እንጂ ሞያዬን ልንገርዎ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ጥቂት ቆይቼ ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። እዚያ ያስተማሩኝ መምህር የውጭ አገር ታሪክም ያነቡ ነበር። በጥንት የግሪኮች አገር ኤፒግራም የሚሉት ነገር ነበረ ብለውናል። ትርጉሙ «በላዩ የተጻፈ» ማለት ብቻ ነው። ሲጀመር ቀልድ አልነበረበትም። በመቃብር ድንጋይ ላይ ወይም ለአምላክ በተሰጠ ዕቃ ላይ የሚቀረጽ ቃል ነው። ድንጋይ ረጅም ነገር አይወድም፤ የሚያነበውም መንገደኛ ነውና ቆሞ አይውልም። ስለዚህ አጠረ። ሲያጥር ሾለ። እየቆየ ሰው ድንጋዩን ትቶ ሹሉን ብቻ ወሰደ፤ በየግብዣው የሚወራወሩበት የብልጠት ንግግር ሆነ። ጊንጥን ይመስላል እማማ፤ ገላዋ ትንሽ ናት፣ ነገሯ ሁሉ ያለው ጅራቷ ላይ ነው።

ያ ስንኝ በእንዲህ ያለ ሥርዓት የተሠራ ስለመሰለኝ ኮርቼበት ነበር። ባጃጅ ላይ መዋሉን የሰማሁ ቀንም ደስ ብሎኛል። አሁን ደስታዬ እሾህ ሆኖብኛል። ሰውየው የነገረኝ ሐሰት ከሆነ የሆነውን ይጻፉልኝ።

ይቅርታዎን የሚጠብቅ
ደረበ


መተማ ዮሐንስ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደረበ

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሰላምታ አሳጠርሁብህ ብለህ አትቀየም፤ አጭር ነገር ትወድ የለም?

ስለ ጊንጥ የጻፍኸውን ደጋግሜ አነበብሁት። እኔ የበረሃ ሴት ነኝ፣ ጊንጥ አታስተምረኝ። ጊንጥ የምትነድፈው የረገጣትን ነው። የአንተዋ የተረገጠውን ነደፈች።

ስለ ግሪኮቹም ገብቶኛል። ቃሉ ከድንጋዩ ወርዶ ሄደ አልኸኝ። እውነት ነው፣ ሄዷል፤ ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ ሄዷል፣ ድንበር ተሻግሮ ጋላባትም ሳይደርስ አልቀረም። ልጄ ግን እዚያው ቀረ። ደግሞ በግብዣ የሚወራወሩት ሰዎች ፊት ለፊት የተቀመጡ ናቸው። በእኛም አገር በሠርግ ቀን የሙሽራው ወገን የሙሽሪትን ወገን በዘፈን ይሰድባል፤ የተሰደበው አጸፋውን ይመልሳል፤ ሁሉም ይስቃል፣ ማንም አይሞትም። ሙት ምን ብሎ ይመልስልህ? መመለስ በማይችል ሰው ላይ የተባለ ነገር ብልጠት አይደለም። አጥር ዘሎ የተኛን ሰው መምታት ነው።

የሆነውን ጠይቀኸኛልና ስማ። ከመሞቱ በፊት በነበረው እሑድ ልብሱን ሊያጥብ መጣ። ውኃ ሳቀርብለት፣ «እማዬ፣ የትራክተሩ ፍሬን አልይዝ ብሏል» አለኝ።

«ለጌታህ አትነግረውም?»

«ነግሬዋለሁ። ዝናብ ሊጥል ነው፣ መጀመሪያ ሰሊጡ ይግባ አለኝ።»

ሰሊጥ ታጭዶ ቆሞ ሳለ ዝናብ ከመታው ይጠቁራል፤ ጌቶች ሁሉ በዚያ ሰሞን እንደ እብድ ናቸው። እኔም ይህን ስለማውቅ ዝም አልሁ። በዚያው ሳምንት ተሳቢው ላይ የቀን ሠራተኞች ጭኖ ወደ ሽንፋ ወንዝ ቁልቁለቱን ሲወርድ ትራክተሩ ከገደል ገባ። ሠራተኞቹ ተረፉ። ከደጋ የመጡ ናቸው፤ በማግሥቱ ሒሳባቸው ተሰጥቷቸው ወደየአገራቸው ተበተኑ። እኔ ልጄን ስቀብር አንዳቸው በአጠገቤ አልነበሩም። ያየ ሰው አለሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ያለኝ የልጄ ቃል ብቻ ነው።

አሰበችንም ዝም ብዬ አላለፍኋት። «ለምን ዋሸሽኝ?» አልኋት።

«ምን ብዬ ላንብብልሽ? መሬት ላይ ወድቀሽ እያለቀስሽ! አፌ ላይ የመጣውን አነበብሁልሽ።»

«ካዘንሽልኝ ያን ቀን ድንጋዩን አስነሥተሽ ታዝኚልኝ ነበር።»

«እኔ ማን ነኝና ነው የአለምሰገድን ድንጋይ የማስነሣው?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ ማንም አይደለችም። እኔም ማንም አይደለሁም። እሱ ደግሞ ማንም እንዳልሆንን ስላወቀ ነው እንዲያ ያስጻፈው። ያ ድንጋይ ለልጄ መታሰቢያ አይደለም፣ ለእሱ ምስክር ነው። ፍሬኑን የሚጠይቅ ሰው በመጣ ቁጥር «ችኮላ ገደለው» እያለ ይመሰክርለታል።

ድንጋዩ ይነሣ። ሌላ ሥራልኝ። የበደልኸው አንተ ነህና ጥረበው፤ ቃሉን እኔ እሰጥሃለሁ።

ሀብትነሽ


መተማ ዮሐንስ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደረበ

እንደምን ከረምህ። ይህኛው የእውነት ነው፤ ድንጋዩን ያለ ዋጋ እሠራለሁ ማለትህን አንብቤ ጥቂት ቀዝቅዣለሁ። ጥቂት ነው ግን።

የላክሁልህን ቃል «ከድንጋዩ ይተርፋል» ብለህ መለስኸው። ልክ ነህ። ሙሾ ነበር። ከልቅሶ ቤት እንደለመድሁት አወረድሁት፤ ልቅሶ ቤት ቀኑ ረጅም ነው፣ የሚያዳምጠውም የትም አይሄድም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስቀንስ ከረምሁ። እኔ ሰሊጥ በማበጠር ያደግሁ ሴት ነኝ። ሲያበጥሩ የሚሄደው መሄድ የሚወድ ነው፤ የሚቀረው ክብደት ያለው ነው። እንዲያ እያደረግሁ «አንበሳዬ» የሚለው ሄደ። «ዓይኔ፣ ጥላዬ» የሚለው ሄደ። የኔ እንባ ሁሉ ሄደና ይህ ቀረ፦

ፍሬን ይሠራ ሲል አሉት ሰሊጥ ይግባ፤
ሰሊጡ መጋዘን፣ እሱ መሬት ገባ።

ይህን ጻፍበት።

«አቁሞት የነበረው ሰው ፈቅዷል ወይ?» ብለሃል። አልፈቀደም። የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ስጠይቅ፣ «በሰው እጅ የቆመ መታሰቢያ ያቆመው ሰው ሳይፈቅድ አይነሣም፤ ዛሬ የአንቺን ብናነሣ ነገ የሁሉም ይነሣል» አሉኝ። ስለዚህ ገንዳ ውሃ ሄጄ አለምሰገድን ከመጋዘኑ በር ላይ አገኘሁት።

«እማማ ሀብትነሽ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ድንጋይህን አንሣልኝ ልልህ ነው።»

«የምን ድንጋይ?»

«ከልጄ ላይ የጫንኸውን።»

ከት ብሎ ሳቀ። «አገር የወደደውን ጥቅስ ላንሣ? እሱ እኮ ልጅሽን አስከብሮታል። በየባጃጁ ስሙ ሲጠራ አትሰሚም?»

«ስሙማ የለበትም። ያለበት ውርደቱ ነው።»

«ለእናት ሁሉም ነገር ይከብዳታል» አለና ሰሊጥ ሊገዙ የመጡትን ነጋዴዎች ዞር ብሎ አያቸው። እነሱም ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ትዕግሥት ነው የነቀነቁት። ፀሐዩ ላይ ጥሎኝ ገባ።

የሚያስፈቅደው ኃይል ካለህ አንተ ሞክር። ከሌለህም ዝም ብለህ ጥረበውና እኔ አጥር ዘልዬ አቆመዋለሁ።

ሀብትነሽ


ጎንደር
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ሀብትነሽ

ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ሁሉም ደኅና ነው።

ስንኙን ለሞያ ጓደኞቼ አነበብሁላቸው። አንዱ ተነሥቶ ቆመ። እኔ ዕድሜዬን ብቀመጥ አልደርስበትም። ነገር ግን እማማ፣ ድንጋይ ላይ አልቀርጸውም። ተቆጥተው ደብዳቤውን ከመቅደድዎ በፊት ምክንያቴን ይስሙኝ።

እኔ የበደልሁት ለሕያው ሰው ጥቅም ብዬ በሙት ራስ ላይ ቃል ስለጫንሁ ነው። አሁን ደግሞ ለሕያው ሰው የሚወረወር ነገር በዚያው ራስ ላይ ብጭን ያንኑ ጥፋት መድገሜ ነው። ልጅዎ እስከ ምጽአት ከጌታው ጋር ሲካሰስ ይኑር? በዚያ ድንጋይ ላይ የእሱ ነገር ብቻ ይጻፍ። የእርስዎ ስንኝ በሕይወት የቆመን ሰው የሚመለከት ነው፤ የቆመ ሰው መልስ መስጠት በሚችልበት ቦታ ይዋል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ደረበ


መተማ ዮሐንስ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደረበ

ደብዳቤህን ቀድጄዋለሁ። ቀድጄ ሳበቃ መልሼ ገጣጥሜ አነበብሁት።

ድንጋይ ጠራቢ እኔን በእኔው ቃል ሲመልሰኝ አልወድም። «መመለስ በማይችል ላይ» ያልሁት ለአንተ ነበር፤ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ብዙ ተናደድሁ። የተናደድሁት ደግሞ ሐሰት ስለተናገርህ አይደለም።

በኋላ በላክኸው ወረቀት «ከዚያ ወዲያ ምን አደረጉ?» ላልኸው፣ ሳሊም በደጄ ሲያልፍ ጠራሁት።

«ልጄ፣ ከኋላህ ያለውን ጥቅስ ለማን እንደተባለ ታውቃለህ?»

«ለቸኩለኛ ሾፌር ነዋ!»

«ለአንዱዓለም ነው።»

«የቱ አንዱዓለም?» አለና ፊቴን አየ። ከባጃጁ ወርዶ ምንም ሳይናገር ወደ ኋላ ዞረ። በጥፍሩ ሲፍቀው ቀለሙ አልለቅ አለው። ጋዝ አምጥቶ በጨርቅ ፈተገው። «ወላሂ እማማ፣ አላውቅም ነበር! እኔ እሱ ሱቃችን ሲመጣ አጎቴ እለው ነበር እኮ!» እያለ ይፈትጋል።

ጨርሶ ሲያበቃ ባዶውን አይቶ፣ «አሁን ደግሞ ባጃጄ ዱዳ ሆነች» አለ። ያን ጊዜ ያንተ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሕያው ሰው የሚያይበት ቦታ። ስንኙን ነገርሁት። አንዴ ብቻ ነው ያልሁለት፤ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

«ስም አልገባበትም?» አለኝ።

«አልገባበትም። ያመመው ይጩህ።»

አሁን ሰባት ስምንት ባጃጅ ላይ አይቼዋለሁ። የቀድሞውም አልጠፋም፤ አንዱ አንዱን እየተከተለ ሲሄድ አያለሁ። ልጄን የሚሰድበው ከፊት፣ የሚሟገትለት ከኋላ። ድንጋዩ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ አሸነፍሽ አትበለኝ።

ሀብትነሽ


መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደረበ

እንደምን ሰነበትህ፣ ቤተሰብህስ? ክረምቱን ሙሉ ዝም ብዬህ ባጀሁ፤ የምነግርህ ነገር ስላልነበረ ነው። «አዲሱ ድንጋይ ተጠርቦ ዝግጁ ሆኗል፣ ባዶውን ቆሟል» ያልኸው ደርሶኛል። አሁን የምነግርህ አለ።

በመስከረም መጨረሻ የደጋ ሰዎች ለአጨዳ ወረዱ። እኛ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጎጃሙም ወሎየውም ስንኙን ከባጃጅ ላይ አነሣና ማጭድ ሲያነሣ ያዜመው ጀመር። አንዱ «ፍሬን ይሠራ ሲል» ይላል፣ ሌላው «ሰሊጥ ይግባ» ብሎ ይቀበላል። አለምሰገድ እርሻውን ሊያይ ሲሄድ የራሱ ሠራተኞች በራሱ ማሳ ላይ ሲያዜሙት ደረሰ። «አቁሙ!» አለ። «ምኑን ጌታዬ?» አሉት። ዘፈን ነው፣ ምን ይበላቸው።

እሱም ከሽማግሌ ፊት ከሰሰኝ። «ስሜን አጥፍታለችና ይቅርታ ትጠይቅ፣ ስንኙም ከየባጃጁ ይነሣ» አለ። ሸንጎው ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ መሐል ሐጂ ኡመይር ነበሩ፤ በዚህ ድንበር የታወቁ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፣ ትልቅ ሰው። ብዙ ሕዝብ መጥቶ ነበር።

«እስቲ የተሰደብህበትን በልልን» አሉት ሐጂ።

አለው። አንድ ቃል ሳያዛንፍ! ልጄ አቧራ ለብሶ ፍሬኑን ሲነግረው ያልሰማ ጆሮ፣ ስንኙን ደኅና አድርጎ ሰምቶታል።

«ስምህ የቱ ጋ ነው?»

«ስሜማ የለም።»

«የእርሻህስ?»

«እሱም የለም።»

«እንግዲያ በዚህ አገር ሰሊጥና መጋዘን ያለው አንተ ብቻ ነህ? እኔም አለኝ። እኔን ምነው አልቆጠቆጠኝ?»

«ሐጂ፣ ለእኔ እንደተባለ ሰው ሁሉ ያውቃል!»

«ሰው ሁሉ ምኑን ነው የሚያውቀው?»

ሕዝቡ ሁሉ እሱን አየ። አለምሰገድ ላብ በላብ ሆነ። «ፍሬኑ እንደሆነ… ከመኸር በኋላ ልናሠራው ነበር እኮ!» አለ። እንዲህ ነው ያለው። በገዛ አፉ። ከኋላ አንዱ «እሰይ!» ሲል ሽማግሌዎቹ ገሠጹት።

ከዚያ አንዲት ሴት ተነሣች። አላውቃትም። «መነን እባላለሁ፣ የጎጃም ሰው ነኝ። በዚያ ዓመት ለሳሉጉ ወጥ ሠሪ ነበርሁ፤ ተሳቢው ላይ ነበርሁ» አለች። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ብዬ ልጮህ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ። «በማግሥቱ ሸኙነ፤ እናት እንዳለው እንኳ አላውቅም። ዘንድሮ ስመለስ ባጃጅ ላይ ያለውን ሰው ሲያነበው ሰማሁ። ይህ የዚያ ልጅ ነገር ነው ብዬ እየጠየቅሁ መጣሁ።»

«ያየሽውን ተናገሪ» አሏት።

«ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ አለው። ዞሮ ‘ዝለሉ!’ ብሎ ጮኸብነ። ሁሉም ዘለለ። እኔ ፈርቼ ቀርቼ ነበር፤ ‘አንተስ?’ አልሁት። ‘እኔ ከዘለልሁ ማን ይይዘዋል?’ አለኝ። እሱን ሰምቼ ዘለልሁ። ወደ ማዶ የዘለልነውን እንዳይደፈጥጥ መሪውን ወደ ገደሉ ጠመዘዘው።»

ይህን ስትል አልጮኽሁም፣ አላለቀስሁም። አሰበች ከጎኔ ክንዴን ያዘችኝ።

ሽማግሌዎቹ ብዙም አልተመካከሩ። ያቆመው ሰው ድንጋዩን በእጁ እንዲያነሣ ፈረዱ። እኔንም «ስንኙን ከባጃጅ ታስነሺለት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «የእኔ አይደለም፣ አገር ወስዶታል፤ አገር የወደደውን ጥቅስ እንዴት አነሣለሁ?» አልሁ። አለምሰገድ ቀና ብሎ አየኝ። መልስ መስጠት ይችል ነበር፤ አፍ አለው፣ ሕያው ነው፣ ሸንጎው ፊት ቆሟል። አልመለሰም። በማግሥቱ ድንጋዩን ነቅሎ በተሳቢ ጫነ። ከአጥሩ ሥር የተሰበሰቡት ጎረምሶች «ቀስ ብለህ ንዳ ጋሼ!» አሉት። ሌላው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ድንጋዩ የቆመበት አፈር እርጥብ ሆኖ ይታይ ነበር፣ እሱን ነበር የማየው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። «ምን ልጻፍበት?» ብለሃል፤ አንተም በበኩልህ ሁለት ስንኝ ልከህልኛል። ደኅና ስንኞች ናቸው፤ የመጀመሪያው በተለይ። እኔም ከመነን ምስክርነት ወዲያ ብዙ ሞክሬ ነበር። ስፈትል፣ ስቋጥር፣ ስፈታ ሰነበትሁ። ነገሩ ሲገባኝ ግን አፈርሁ። አንተ ከቅኔ ቤት የተማርኸው፣ እኔ ከልቅሶ ቤት የለመድሁት ተደምሮ፣ ልጄ ገደል አፋፍ ላይ ለአንዲት ለማያውቃት ወጥ ሠሪ ከመለሰላት ቃል አይደርስም። ሊያስደንቃት ብሎ አላለውም። ስለጠየቀችው ነው የመለሰላት። ሙት አይመልስም ብዬህ ነበር፤ ልጄ ግን ሳይሞት መልሶ ኖሯል፣ ሳንሰማው ቆየን እንጂ።

ስለዚህ ስሙን ጻፍ፣ የአባቱን ስም ጻፍ፣ ከሥሩ ይህን ብቻ ጻፍ፦

እኔ ከዘለልሁ ማን ይይዘዋል?

ከዚያ ወዲያ ምንም አትጨምር። መንገደኛ ቆሞ አንብቦ ካልገባው እኔ ቤቴ ቅርብ ነው፣ መጥቶ ይጠይቀኝ። ቤት አይመታም፤ አውቃለሁ። ቤት እንዲመታ ብለህ እንዳትነካው።

ሀብትነሽ፣ የአንዱዓለም እናት